የትርንጎ ቁጣ

በኩርንችት አምባ የግንቦት ልደታ ዕለት ሴት ትቆጣለች። በሌላው አገር የልደታ ንፍሮ ከቤት ውጭ ተቀቅሎ፣ ሽማግሌ ተነስቶ መርቆ፣ ሁሉም እየዘገነ ይበላል፤ እዚህ ግን መራቂ የለም። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ትልቅ ወይራ ሥር አገሩ ንፍሮውንና ከቤቱ የተረፈውን ብረት ይዞ ይሰበሰባል፤ ከዚያ አንዲት ሴት ከወይራው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ትወጣና የተሰበሰበውን ሰው በስም በስም እየጠራች ታወርድበታለች። ቄስ ይሁን ሹም፣ አማቷ ይሁን የክርስትና አባቷ፣ ለማንም አትመለስም። መልስ መስጠት ነውር ነው። እሷ ስትጨርስ ደግሞ ከማንም ቀድሞ ከገበታው የሚዘግነው ብረት ቀጥቃጩ ነው። እሱ ሳይቀምስ የሚጎርስ ሰው ከተገኘ የሩቅ አገር እንግዳ መሆን አለበት፤ እንግዳም ቢሆን እጁን ይይዙታል።

ወይራውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግንዱ መሃል ላይ ቅርፊቱ ሊውጠው ትንሽ የቀረው ብረት ያያል። የአሮጌ ማረሻ ጭራ ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ስለዚህ ብረት የአምባው ሽማግሌዎች የሚያወሩት ነገር አለ፤ ሲያወሩትም ትናንት የደረሰባቸው ይመስል ፊታቸው ይጠቁራል።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን ኩርንችት አምባ ላይ ብረት ብርቅ ነበር። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው፤ መውጫው አንድ ብቻ፣ እሱም በእጅም በእግርም እየተቧጠጡ የሚወጡት፤ ነጋዴ አጋሰሱን ነድቶ አይደርስበትም። ማረሻ ለመግዛት ቆላ መውረድ፣ ቆላ ለመውረድ ስንቅ መሰነቅ፣ ገበያው ላይ ደርሶ ደግሞ ዋጋውን ሰምቶ ባዶ እጅ መመለስ ያለ ነበር። ሆኖም ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። አምባው የራሱ ቀጥቃጭ ነበረው፤ ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። ማረሻ ሲሠራ ዋጋው ጥቂት እህል ነበር፤ እህሉም የሌለው ሰው «ለመኸር» ይለዋል፣ እሱም እሺ ይላል።

ሰዉ ታዲያ የሠራውን ማረሻ በሁለት እጁ እየተቀበለ፣ ዞር ሲል ቡዳ ነው ይለው ነበር። ድግስ ላይ ከአጥር ውጭ ይቀመጣል፤ ድርሻው በቅጠል ይሰጠዋል፤ በልቶ ሲነሳ ቅጠሉን ያቃጥሉታል። እጁ የነካው ብረት መሬታቸውን ሲሰነጥቅና እህል ሲያበቅልላቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም። ከዚያ አንድ ክፉ ዓመት መጣ፣ ተስቦ ገባ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል ፈጀ። «ቢያድግልኝ ነው የበላቸው» ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ያላለ ሰው ስላልነበረ ነው። ወናፉን ቀደዱ፣ ጎጆውን ለኮሱ፣ እሱንና ሚስቱን በዱላ እየነዱ ገደሉን አስወረዷቸው። ተስቦው ግን እሱ ከሄደ በኋላም ሲገድል ከረመ። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ልብ ያለም ካለ አፉን ዘግቷል።

ጭቃ ሹሙ ወንድይፍራው ልብ ያለው ሌላ ነገር ነው። የአገሩ ማረሻ እያለቀ፣ የሚሠራው ሰው እንደሌለ አየ። አሽከሮቹን ቆላ ሰዶ ማረሻ በጫንቃቸው አስመጣ። አልሸጠውም፤ አከራየው። ለአንድ ክረምት ማረሻ የምርቱ ሲሶ፤ ከመኸር በኋላ ማረሻው ወደ ወንድይፍራው ቤት ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሲሶ። ሰው በገዛ መሬቱ፣ በገዛ በሬው፣ በገዛ ላቡ የሌላ ሰው ጎተራ ሞላ። ደግሞ አንድ ደንብ ነበር፤ ሁለት ክረምት ጾሙን ያደረ መሬት ለጭቃ ሹሙ ይሆናል የሚል። ሰነፍ እንዳይበዛ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው አሉ። በወንድይፍራው ጊዜ ግን ማረሻ ያጣ ሰው መሬቱን የሚነጠቅበት ሆነ፤ እሱም ደንብ ነው እያለ ያለ ሀፍረት ይወስድ ነበር።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ደጉ በዚያው ተስቦ ሞቶባት ሁለት ትንንሽ ልጆች ታቅፋ ቀርታለች። ደጉ የተወላት ማረሻ ተበልቶ ተበልቶ ጉማጅ ሆኗል፤ ባለፈው ክረምት መሬቷ ጾሙን አደረ። ዘንድሮም ካደረ አለቀ፤ መሬቱ ለወንድይፍራው፣ እሷና ልጆቿ ለሰው ደጃፍ። ጎረቤቷ አያ ታፈረ የራሱን ጥቁር በሬ ከሷ ቀይ በሬ ጋር አቀናጅቶ ሊያርስላት ቃል ገብቶላታል፤ የጎደለው ብረቱ ነው። ትርንጎ ነገር የማይዋጥላት ሴት ነበረች ይባላል። ልመና አትችልበትም። ያም ሆኖ ነጠላዋን አደግድጋ ወንድይፍራው ደጅ ቆመች።

«ጌታዬ፣ እንደ ሰዉ በሲሶ ያከራዩኝ» አለችው።

ወንድይፍራው ቀና ብሎም አላያት። «ሲሶ ለወንድ ነው» አላት። «አንቺ ቤት ወንድ የለም፤ ምርቱ መግባት አለመግባቱን በምን አውቃለሁ? በእኩል ውሰጂ። ለመያዣ ደግሞ ቀዩን በሬ እዚህ እሰሪልኝ።»

«በሬውን እዚህ ካሰርኩት በምን ላርስ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ካልተስማማሽ ጾሙን ይደር። መሬቱ አራሽ አያጣም።»

ይህን ሲላት ደሟ ፈላ። ፊቷን አዙራ ወጣች። ቤቷም አልገባች። ልጆቿን አያ ታፈረ ቤት ትታ፣ ያንን ጉማጅ ማረሻ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ቆሎ ጫፉ ላይ ቋጥራ፣ ገደሉን ወረደች።

ቢያድግልኝ ከገደሉ ሥር፣ ከወንዙ ዳር፣ የጭራሮ ጎጆ ቀልሶ ለቆለኞች ማጭድ እየሳለ ይኖር ነበር። ሲያያት ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ደግሞ ማን ሞተና መጣችሁ?» አላት።

«ማንም አልሞተም። ማረሻ ፈልጌ ነው።»

«ቡዳ ማረሻ አይሠራም፤ ሰው ነው የሚበላው። ባልሽን በልቶ የለ? ስታለቅሺ ስሜን ጠርተሽ አልነበር?»

ጠርታ ነበር። አልካደችም። «ጠርቻለሁ» አለች። «አሁን ግን ልትሰድበኝ ከሆነ ቶሎ ጨርስ፤ ዝናቡ እየመጣ ነው። ወንድይፍራው መሬቴን ሊወስድ ነው።»

ቢያድግልኝ ማጭዱን አስቀመጠ። ንዴቱ የቆየ ንዴት ነበር፤ ጮሆ አይናገርም። «እሱ ሲሶ እንደሚወስድ ሰምቻለሁ» አላት። «እኔ አንድ ቁና ስጠይቅ ቡዳ ተባልኩ። እሱ ጎተራችሁን ሲገለብጥ ጌታዬ ትሉታላችሁ። እንግዲህ ጌታችሁ ማረሻ ይሥራላችሁ።»

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ትርንጎን ይበልጥ አናደዳት፤ በወንድይፍራው፣ በአገሩ፣ በራሷም። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ቆሎውን ፊቱ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አፈሰሰችና «ቅደም» አለችው።

ሰውየው ዘገነ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ቀስ ብሎ ቆረጠመ። እሷ መፍራቷን ሽማግሌዎቹ አይደብቁም፤ ከልጅነቷ ስትሰማ ያደገችው ነገር ነው፣ በአንድ ቀን ከሆድ አይወጣም። ያም ሆኖ እሱ ከነካው ዘገነችና አፏ ውስጥ ከተተች፤ ውሃ የላት፣ ምን የላት፣ ቆርጥማ ዋጠችው። ቢያድግልኝ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

«ሳትሞቺ ገደሉን ከወጣሽ ብረት ሰብስቢ» አላት። «እኔ እጅ እንጂ ብረት የለኝም። የሰበሰብሽውን ሁሉ ማረሻ አደርገዋለሁ። እህላችሁን አልፈልግም። ዋጋዬ ይኼ ነው፤» ወደ ቆሎው ጠቆመ፤ «ልደታ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ እኔ እቀድማለሁ፣ አምባው ተከትሎኝ ይበላል። የማይበላ ሰው ማረሻ አያገኝም።»

ትርንጎ አልሞተችም። ወጥታ ብረት መሰብሰብ ጀመረች። መጀመሪያ የገዛ በሯን መቀርቀሪያ ነቀለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ በድንጋይ ይዘጋ ነበር አሉ። የደጉን ጦር ከግድግዳው አወረደች። ሙሾ ስታወርድ አቅፋው ያለቀሰችበት ጦር ነው። ያንን ጉማጅ ማረሻም ጨመረችበት። ከዚያ በየቤቱ ዞረች። የተሰበረ ማጭድ፣ የተሰነጠቀ መጥረቢያ፣ የሞተ ፈረስ ልጓም፣ ጥርሱ ያለቀ ዶማ፣ ያገኘችውን ሁሉ ለመነች፤ መለመን የማትችልበት ሴት ለመነች። አንዳንዱ ሰጣት። አንዳንዱ «የቡዳ ሥራ ቤቴ አይገባም» ብሎ በር ዘጋባት፤ እሷም በተዘጋው በር ላይ የሚባለውን ብላ ሄደች። ያም ሆኖ ሲሶው አንገሽግሾት ስለነበር ሰዉ እየዋለ እያደረ ብረቱን አመጣ። ቢያድግልኝም አዲስ ወናፍ ይዞ ወጣ፤ ከወይራው ሥር ከሰሉን አቀጣጠለ፣ ብረቱን ከብረት እያጋጠመ ይቀጠቅጥ ጀመር። ድምፁ አምባው ሁሉ ይሰማል። ቡዳ ነው ያሉት ሰዎች ድምፁን ሲሰሙ ከየቤታቸው ብቅ እያሉ ያዩት ነበር፤ የሚጠጋው ግን ከትርንጎ በቀር አልነበረም።

ልደታ ደረሰ። ሰዉ ንፍሮውን ቀቅሎ ወጣ። ማረሻዎቹ ከወይራው ሥር ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው አንድ ሰፊ የእንጨት ገበታ ሙሉ ንፍሮ ቀረበ። ቢያድግልኝ እጁን ሳይታጠብ፣ ጥላሸቱ እንዳለ፣ መሃሉን ዘገነና በላ። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ቆመ። ማንም አልተነቃነቀም። ወንድይፍራው ከነአሽከሮቹ መጥቶ ከዳር ቆሞ ነበር፤ «በሉ እንግዲህ» አለ እየሳቀ፣ «ብሉና ልጆቻችሁን ቅበሩ። ማረሻ እኔ ቤት አለ።»

ትርንጎ ገበታው ጋ ሄደች፣ ዘገነች፣ በላች። ከዚያ ገበታውን አንስታ አያ ታፈረ አፍንጫ ሥር አደረሰችው። «ልጆችህ ያለቁት ይኼ ሰው ከሄደ በኋላ ነው» አለችው። «ታውቀዋለህ። ብላ።» ታፈረ እንባው እየወረደ በላ ይባላል። እሱ ሲበላ ሌላውም ጠጋ አለ፣ ከዚያ ሌላው፤ በመጨረሻ ገበታው ዙሪያ ሰው ተጋፋ። ወንድይፍራው ሳቁ ጠፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እስከዚህ ያለውን ሲያወሩ ሽማግሌዎቹ ደስ ይላቸዋል። የሚናደዱት ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

ገና ንፍሮው ሳያልቅ ሰማዩ ጠቆረና የግንቦት ዝናብ ጣለ። ደረቁ መሬት ረሰረሰ። ሰዉ ያንን ሲያይ ሌላው ሁሉ ጠፋበት፤ ማረሻውን ከወይራው ሥር እያፈሰ፣ ለበሬው እያፏጨ፣ ወደየማሳው ሮጠ። የማን ብረት፣ የማን ልመና፣ የማን ነገር እንደሆነ ዞር ብሎ ያየ የለም። ዝናቡ አባርቶ ትርንጎ ቀና ስትል ከወይራው ሥር ያለው ባዶ ገበታ፣ የሚጨስ ከሰልና ቢያድግልኝ ብቻ ነው።

«የኔስ?» አለችው።

«ብረቱ ለሁሉም አልበቃም። አንድ ጎድሎ ነበር» አላት። «ያንቺን አይነኩም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አይ ሰው። አያ ታፈረ እንኳ፣ ቃል የገባው ታፈረ፣ ማረሻውን ይዞ ከሄዱት አንዱ ነበር። ትርንጎ አላለቀሰችም። ከወይራው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ወጣች። ድንጋዩ ላይ የቆመ ሰው የአምባውን ማሳ ሁሉ ያያል፤ ድምፁም በሁሉም ማሳ ይሰማል።

«ታፈረ» ብላ ጠራች። «አንተ ታፈረ፣ የያዝከው ማረሻ የቤቴ በር መቀርቀሪያ ነው። እኔ ሌሊት ቤቴን በድንጋይ የምዘጋው አንተ እንድታርስ ነው። እረስ፣ በርታ። ልጆቼ ሲራቡ አንተ ቤት እልካቸዋለሁ፤ በሩን ዝጋባቸው፣ አንተ መቀርቀሪያ አለህ።»

ታፈረ ጥማዱን አቆመ።

«ሽመልስ፣ አንተ ደግሞ የባሌን ጦር ነው የምትገፋው። ደጉ ከነነፍሱ ቢኖር ያንን ጦር ከእጁ ትነጥቀው ነበር? ሲሞት ግን ቀለለህ። አቅናው፣ እርፉን ደህና አድርገህ ያዝ፣ የሟች ብረት ነው፣ ዝም ብሎ ይሰነጥቅልሃል።»

እንዲህ እያለች በስም በስም ጠራቻቸው። የትኛው ማረሻ ከማን ማጭድ፣ ከማን ልጓም እንደተሠራ ታውቃለች፤ ሁሉም በእጇ አልፏል። በሩን የዘጋባትን ሰው በሩን ዘግቶ ያላትን ቃል በቃል አሰማችው፤ አሁን ማረሻ ይዞ ማሳ ላይ ቆሟል። «ወንድይፍራው ሌባ ነው» አለች፤ «እሱ ግን ሌባ መሆኑን ያውቃል። እናንተ ዛሬ አብራችሁኝ በልታችሁ፣ አፋችሁ ሳይደርቅ እኔን ጥላችሁ ሮጣችሁ። ማነው የቀረ ብሎ ዞር ብሎ ያየ አንድ ሰው የለም? በዚህ ሁሉ ሰው መሃል አንድ ሰው የለም?»

 በየማሳው ያለ በሬ ሁሉ ቆመ አሉ። መጀመሪያ አያ ታፈረ ጥማዱን ፈትቶ፣ ቀንበሩን ተሸክሞ መጣ። ከዚያ ሽመልስ። ከዚያ የቀሩት።  በትርንጎ ማሳ ላይ ጥማዳቸውን ከዳር እስከ ዳር አሰልፈው ገቡ፤ በሬ የበሬ ጭራ እየነካ፣ ያንን ክረምት ሙሉ ጾሙን ያደረ መሬት ገለበጡት። ፀሐይ ወደ ማዶው ተራራ ስታዘነብል ማሳው ጥቁር ብሎ ተኝቷል።

ወንድይፍራው ይህን ሳይሰማ፣ ትርንጎ ቀርታለች የሚለውን ብቻ ሰምቶ፣ አንድ ማረሻ በትከሻው አድርጎ መጣ። አቅሟን አውቃ በእኩል የምትስማማ መስሎት ነበር። የታረሰውን መሬት ሲያይ ቆሞ ቀረ። ማረሻውን ጣለና «እንግዲያው ይህን ውሰጂው፤ በነጻ ነው» አለ፤ አገሩ ሁሉ ማረሻ ጨብጦ ቆሞ ስላየው ነው እንጂ ቸርነት ከየት አምጥቶ።

ትርንጎ ብረቱን አየችው። ማረሻ የሌላት እሷ ብቻ ነች። «የሱ ብረት መሬቴን አይነካም» አለች። «አያ ቢያድግልኝ፣ ማንም የማያከራየው ቦታ አድርግልኝ።» አንድ ሰው ቀጥቃጩን አያ ብሎ ሲጠራው በአምባው የመጀመሪያው ነበር። ቢያድግልኝ ማረሻውን አንስቶ የወይራው ግንድ ላይ አስጠጋው፣ መዶሻውን አነሳና መታው። የተባረረበትን፣ በቅጠል የበላበትን፣ የተቃጠለ ጎጆውን ሁሉ እያሰበ ነበር መሰለኝ የመታው፤ ብረቱ እስከ ጭራው ገባ። ወንድይፍራው ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ከእሱ ቤት ማረሻ የተከራየ ሰው የለም።

ታፈረ በመጨረሻ ተጠጋና «በቃ ትርንጎ፣ አጥፍተናል። አሁን መርቂን» አላት። ሰዉ ሁሉ ኮፍያውን፣ ጥምጥሙን እያወለቀ ቆመ። ደህና ሴት ብትሆን ትመርቅ ነበር ይላል አንዳንዱ።

«አልመርቅም» አለች። «ያረሳችሁት በገዛ ብረቴ ነው። ሳልሰድባችሁ ማሰብ የማትችሉ ከሆነ በየዓመቱ እሰድባችኋለሁ።»

ቃሏን ጠበቀች። እስክትሞት ድረስ በየልደታው ድንጋዩ ላይ ወጣች፤ ስትሞትም ሌላ ሴት ወጣች። ዛሬ የሚመጣው ብረት ሌላ ነው፤ በማጭድና በልጓም ፈንታ አሁን ከመንገድ ዳር የተገኘ የመኪና ባሌስትራ ያመጣሉ፤ ማረሻ ለማያስፈልገው ደግሞ ብር ይዋጣል፤ በቅርቡ ከገደሉ ሥር ውሃ የሚስብ ሞተር በዚሁ ወይራ ሥር በተዋጣ ብር ተገዝቷል፣ ሞተሩም የተሰጠው ከዚያ በፊት ምንም ሳይደርሳቸው ለቀሩት ቤቶች ነው። ስድቡ ግን አልተለወጠም። ሴትየዋ ስትጨርስ ቀጥቃጩ ከገበታው ይዘግናል፤ አይጎርስም። እሷ ከድንጋዩ ሳትወርድ የመጨረሻውን ጥያቄ ትጠይቃለች፤ «ማነው የቀረ?»

አንዳንድ ዓመት ቶሎ ይመለሳል። አንዳንድ ዓመት ዝም ይባላል፤ ሰው የራሱን ችግር በሰው ፊት መናገር ይከብደዋል፣ የጎረቤቱንም ማየት አይፈልግም። እሷ አትወርድም። ሌላ ስድብም አትጨምርም። አንድ ሰው ተነስቶ የቀረውን ቤት ስም እስኪጠራ ድረስ ቀጥቃጩ የዘገነውን በመዳፉ እንደያዘ ይቆማል፣ አገሩም ሁሉ ንፍሮው ፊቱ እየበረደ ይጠብቃል።